ፎቶን በትእዛዝ መስመር ማሳነስና ማመቅ

ዲጂታል ፎቶ ፒክስል የሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኑን ለየብቻ በአንድ ባይት፣ በድምሩ በ3 ባይት ይይዛል። ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ነጥቦች ስላሉት ሳይታመቅ ቢቀመጥ 36 ሚሊዮን ባይት ይፈጃል። ማቅለያው መንገድ ሁለት ነው፤ ነጥቦቹን መቀነስ ወይም የነጥቦቹን መረጃ ማመቅ።

ያው ፎቶ ወርዱ ወደ 1200፣ ቁመቱ ወደ 900 ሲወርድ 1.08 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ይቀረዋል፤ ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ ያህል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ የተጎራባች ነጥቦችን ቀለም አመዛዝኖ አዲሶቹን ያሰላል። የተቀነሰው ፎቶ ተመልሶ ቢሰፋ ግን የጠፋው ዝርዝር አይመለስም፤ ይደበዝዛል።

ማመቅ ከዚህ የረቀቀ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ጄፔግ የተመሠረተው በሰው ዓይን ጠባይ ላይ ነው፤ ዓይን የብርሃንን ልዩነት ከቀለም ልዩነት አብልጦ ይለያል። ስለዚህ ብርሃኑ ከቀለሙ ይነጠልና የቀለሙ መረጃ ብዙ ጊዜ በወርድም በቁመትም በግማሽ ይቀነሳል። ከዚያ ምስሉ ስምንት በስምንት ነጥብ ወደሆኑ ካሬዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ካሬም ከዝግተኛ እስከ ፈጣን የ64 ሞገዶች ድምር ሆኖ ይሰላል። ስሌቱን ናሲር አህመድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሞታል። ዓይን እምብዛም የማያስተውላቸው ፈጣን ሞገዶች በትልቅ ቁጥር ተካፍለው ሲጠጋጉ አብዛኞቹ ዜሮ ይሆናሉ። ፋይሉን የሚያሳንሰው የዜሮዎቹ ብዛት ነው፤ ጥራትም በዋናነት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱንም ሥራ በአንድ መስመር ከሚፈጽሙ ነፃ ሶፍትዌሮች ታዋቂው፣ ጆን ክሪስቲ የጀመረው ኢሜጅማጂክ ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ትእዛዝ በ«ማጂክ» ይጀምርና የምንጩን ፋይል ስም ያስከትላል። ከዚያ «ሪሳይዝ» ከ1200፣ «ኳሊቲ» ከ80 ጋር፣ በመጨረሻም የአዲሱ ፋይል ስም ይገባል። በእያንዳንዱ አማራጭ ፊት አጭር ሰረዝ አለ። ወርዱ ብቻ ሲሰጥ ቁመቱ በዚያው ልክ ይስተካከላል። 80 መቶኛ አይደለም፤ ሞገዶቹ በምን ያህል ትልቅ ቁጥር እንደሚካፈሉ የሚወስን ደረጃ ነው። ከ75 እስከ 85 ያለው ለድረ ገጽ ፎቶ ጥሩ መነሻ ነው።

«ስትሪፕ» የሚባለው አማራጭ ፎቶው የተነሣበትን ቦታና ሰዓት የመሰለ ድብቅ መረጃ ይሰርዛል። ፎቶ በአደባባይ ለሚያወጣ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም የስልኩ የአቅጣጫ ምልክትም አብሮ ስለሚጠፋ «ኦቶ ኦሪየንት» ካልቀደመው ፎቶው ተጋድሞ ሊታይ ይችላል።

ጄፔግ ለጽሑፍ አይመችም። በፊደል ጠርዝ ዙሪያ ጉድፍ ይፈጥራል፤ «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው ትንሽ ቅጥያ በደካማ ጥራት ሲታመቅ ሊደበዝዝ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ምስል ምንም መረጃ ሳይጥል የሚያምቀው ፒኤንጂ ይሻላል።

ሙሉ ማኅደር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው «ሞግሪፋይ» የተባለው የኢሜጅማጂክ ትእዛዝ የጄፔግ ፎቶዎችን ሲያሳንስ ውጤቱን በዋናው ፋይል ላይ ይጽፋል፤ «ፓዝ» በሚለው አማራጭ ሌላ ማኅደር ካልተሰጠው በቀር የቀድሞው ፎቶ አይገኝም። ጄፔግ ተስተካክሎ እንደገና በታመቀ ቁጥርም ጥራቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ዋናው ፎቶ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ማሳነሱም ማመቁም ሁልጊዜ ከእሱ በተቀዳ ቅጂ ላይ ይሁን።