ከመለቀቁ በፊት፦ የሊኑክስ ስርጭት እንዴት ይፈተሻል?

በእንዳ ኢየሱስ ግቢ ለሚማር ሰው የምሽጉ ታሪክ አዲስ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. በእንዳ ኢየሱስ የመሸገው የኢጣሊያ ጦር ቅጥሩ ሳይፈርስበት፣ በጥር ወር ምሽጉን ለቅቆ ወጥቷል። የመጠጥ ውኃው ምንጭ ከቅጥሩ ውጪ ነበርና በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ በተያዘ ጊዜ የግንቡ ውፍረት ዋጋ አጣ። ስለ ኮምፒውተር በሚያወራ ጽሑፍ ይህን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አንድን ሥርዓት የሚፈትሽ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ግንቡን ነው፤ ሥርዓቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ማንም ልብ ባላለው፣ ከግንቡ ውጪ ባለ ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ሊኑክስ የሚለው ስም በመሠረቱ የከርነሉ ብቻ ነው። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ይህ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና የኔትወርክ ካርዱን ያስተዳድራል። ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ የሚያያቸው መስኮቶች፣ የጽሑፍ ማዘጋጃው፣ የኢንተርኔት ማሰሻው፣ የፊደሉ ቅርጽ ሳይቀር ከሌላ ከሌላ ምንጭ የመጡ ናቸው። እነዚህን ሰብስቦና እርስ በርሳቸው አስማምቶ፣ ከአንድ ዲስክ ወይም ፍላሽ እንዲጫኑ አድርጎ የሚያቀርበው «ስርጭት» ይባላል። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ደቢያን ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 12ኛው ልቀት ከ64,000 በላይ ፓኬጆችን ይዟል። ይህን ሁሉ የሚያዘጋጁት በዓለም ዙሪያ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ታዲያ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ የሚጠብቀው ማነው?

የደቢያን መልስ መጠባበቂያ ክፍሎችን ማበጀት ነው። አዲስ ፓኬጅ መጀመሪያ «ያልተረጋጋ» ወደሚባለው ክፍል ይገባል። የዚህ ክፍል መጠሪያ ምንጊዜም «ሲድ» ነው፤ ስሙ የተወሰደው በአንድ የካርቱን ፊልም ውስጥ አሻንጉሊት እየሰባበረ ከሚጫወት ልጅ በመሆኑ ተስማሚነቱን መካድ አይቻልም። ፓኬጁ እዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ አዲስ ከባድ ስህተት ካልተገኘበት ወደ «ሙከራ» ክፍል ያልፋል። የልቀቱ ጊዜ ሲቃረብ የሙከራው ክፍል ይዘጋና ከዚያ ወዲያ የሚፈቀደው ስህተት ማረም ብቻ ይሆናል። የሚለቀቀውም ሲዘጋጅ እንጂ ቀን ተቆርጦለት አይደለም። በዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 ከወጣው ልቀት በኋላ ተከታዩ እስከ ጁን 2005 ድረስ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቆይቷል።

በደቢያን ላይ የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኡቡንቱ ደግሞ በየስድስት ወሩ በቀኑ እንዲለቀቅ ተወሰነ። የልቀቱ ቁጥር ራሱ ዓመቱንና ወሩን ያመለክታል። ይሁን እንጂ በኤፕሪል 2006 ሊወጣ የነበረው 6.04 ለስድስት ሳምንት ዘግይቶ በጁን ወር 6.06 ተብሎ ወጣ። ለመዘግየቱ ከተሰጡት ምክንያቶች መካከል ተጨማሪ ፍተሻና የልዩ ልዩ ቋንቋዎች ዝግጅት ይገኙበታል። በእኛ አስተያየት ይህ ውሳኔ የሚያስመሰግን ነበር፤ ቀን ለማክበር ሲባል የተለቀቀ ስህተት በየሰው ቤት ገብቶ ይቀመጣልና።

ወደ ፍተሻው ራሱ እንለፍ። ፈታሹ መጀመሪያ የሚያገኘው የዲስኩን ምስል ነው። በዚያ ዘመን የአንድ ሲዲ ምስል 700 ሜጋባይት ያህል ነበር። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት በሚያደርስ መስመር ይህን ለማውረድ ያለ ማቋረጥ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል። በሙከራ ወቅት ደግሞ በየቀኑ አዲስ ምስል ይወጣል። በመሆኑም የትናንቱን ከዛሬው ጋር አነጻጽረው የተለወጠውን ክፍል ብቻ የሚያወርዱ እንደ አርሲንክና ዚሲንክ ያሉ መሣሪያዎች ለቀጭን መስመር ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ምስሉ ከወረደ በኋላ የሚከተለው ሥራ ቼክሰም ማወዳደር ነው፤ ይኸውም ከፋይሉ ይዘት የተሰላውን አጭር መለያ ቁጥር አዘጋጆቹ ካወጡት ቁጥር ጋር ማመሳከር ማለት ነው። ከመቶ ሚሊዮኖች ባይት መካከል አንዱ እንኳ ቢለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የራሳችንን ጥፋት መደበቅ አይገባንም። አንድ ጊዜ የሙከራ ልቀት በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስንጭን ሥራው ከአጋማሽ በላይ ከሄደ በኋላ ስክሪኑ ጠቆረ። ጥፋቱን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ደፍድፈን አመሻሹን በሙሉ ድራይቨር ስንለዋውጥ ቆየን። በማግሥቱ ከመካከላችን አንዱ የሲዲውን ቼክሰም ሲያሰላ ቁጥሩ አልገጠመም። ሲዲው ሲቃጠል ተበላሽቶ ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ስለዘለልን አንድ ምሽት ከፈልን፤ ይባስ ብሎም ያላጠፋን ካርድ ከሰስን።

ያላጠፋን አካል መክሰስ ግን የጀማሪዎች ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 የሆነው በዚህ መስክ እስካሁን የሚነገር ነው። የከርነሉ 2.6.27 እትም ገና በሙከራ ላይ ነበር። ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ኦፕንሱሴና ማንድሪቫም ለሚቀጥለው ልቀታቸው ይህንኑ ከርነል እየሞከሩ ነበር። በድንገት አንዳንድ ፈታሾች የኢንቴል የኔትወርክ ካርዳቸው መሥራት እንዳቆመ ሪፖርት ያደርጉ ጀመር። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት አልረዳም፤ ወደ ቀድሞው ከርነል መመለስም አልፈየደም። ምክንያቱም የተበላሸው ፕሮግራም ሳይሆን በካርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ቋሚ ማስታወሻ ነበረች። የካርዱ መለያ አድራሻና ሲነሳ የሚያነባቸው ቅንብሮች የሚቀመጡት በእርሷ ላይ ነው። እዚህ ላይ የፈታሾቹን ሁኔታ ልብ ይሏል፤ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው የገዙትን ዕቃ እያጡ ነበር።

ጣት ሁሉ የተቀሰረው ካርዱን በሚያዝዘው ኢ1000ኢ በተባለው ድራይቨር ላይ ነበር። ኡቡንቱ ድራይቨሩን ከሙከራ ልቀቱ ለጊዜው አገለለ፤ የኢንቴል መሐንዲሶችም ማስታወሻዋ እንዳይጻፍባት የሚቆልፍ ማስተካከያ አዘጋጁ። ይህ ጉዳቱን ቢገታም መንስኤው አልታወቀም ነበር። በኦክቶበር ወር የተገኘው እውነተኛ ጥፋተኛ ከኔትወርክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ የከርነሉን አሠራር ለመከታተል የተጨመረው ኤፍትሬስ የተባለ መሣሪያ ሆነ። መንስኤውን ያገኙትም የኢንቴል መሐንዲሶች ነበሩ፤ የመሣሪያው ደራሲ ስቲቨን ሮስቴድት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍትሬስ በኋላ የሚያስተካክላቸውን የኮድ ቦታዎች አድራሻ በመዝገብ ይይዛል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ድራይቨር ሲነሳ አንዴ ብቻ የሚያገለግሉና ከዚያ የሚለቀቁ የሜሞሪ ቦታዎች ነበሩ። አንድ ተከራይ ቤቱን ለቅቆ ሌላ ሰው እንደሚገባበት ሁሉ፣ የተለቀቀው አድራሻ በአጋጣሚ ለኔትወርክ ካርዱ ማስታወሻ ይሰጣል። ኤፍትሬስ ግን መዝገቡን ሳያድስ በድሮው አድራሻ ሄዶ ይጽፋል። ኮድ ያስተካከለ እየመሰለው ካርዱን ያበላሻል። ጉዳቱ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ያልታየውም አድራሻዎቹ የሚገጣጠሙት አንዳንዴ ብቻ በመሆኑ ነው። ኤፍትሬስ በ2.6.27.1 እትም እንዲህ እንዳይጽፍ ተደረገ፤ ኡቡንቱ 8.10 በኦክቶበር 30 ቀን 2008 ሲወጣም አደጋው ተወግዶ ነበር።

እንዲህ ያለውን ስህተት ለማደን ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ለሁለት መክፈል ነው። በሚሠራው እትምና በማይሠራው እትም መካከል 10,000 ለውጦች ቢኖሩ እያንዳንዱን መሞከር አያስፈልግም። መካከለኛውን ወስደን እንሞክራለን፤ ከሠራ ጥፋቱ በኋለኛው ግማሽ፣ ካልሠራ በፊተኛው ግማሽ ውስጥ ነው። የቀረውን እንደገና ለሁለት እንከፍላለን። 2 በራሱ 14 ጊዜ ሲባዛ 16,384 ስለሚሆን ቢበዛ 14 ሙከራ ይበቃል። ሎጋሪዝም በትምህርት ቤት ለምን እንደምንማር ለሚጠይቅ ተማሪ ይህ አንድ መልስ ነው። ሆኖም ዘዴው በቀላሉ የሚያገለግለው ስህተቱ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ የሚደገም ከሆነ ነው። በ2008ቱ ጉዳይ ስህተቱ አንዴ ታይቶ አንዴ ይሰወር ነበር፤ ሲታይ ደግሞ እያንዳንዱ ሙከራ ካርድ ሊያስከፍል ይችል ነበር።

ፍተሻ የማይደርስበት ነገርም አለ። ኡቡንቱ 17.10 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ከወጣ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ከማውረጃ ገጹ እንዲነሳ ተደርጓል፤ በአንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ የባዮስ ቅንብር ማስቀመጥ እንዳይቻል የሚያደርግ ድራይቨር ይዞ ተገኝቷልና። የታረመው እትም በጃንዋሪ 2018 ወጣ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ምንም ምልክት የማይሰጥ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በደቢያን የኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ ላይ የተደረገ አነስተኛ ለውጥ ምሥጢራዊ ቁልፎች የሚመነጩበትን የዕጣ ምንጭ አደረቀው፤ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ የሚቻሉት አማራጮች ወደ 32,768 ገደማ ብቻ ወረዱ። ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ቁልፍ ያመርታል፣ መልእክት ይቆልፋል፤ ተራ ሙከራዎችን ሁሉ ያልፋል። ሉቺያኖ ቤሎ ስህተቱን ያገኘው በ2008 ነው። «ሠርቷል» የሚለው የፈታሽ ቃል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 ከተካተተ ወዲህ በመርሕ ደረጃ ማንኛውም ስርጭት ሊያሳየው ይገባል። በተግባር ግን ይህን የሚያረጋግጥ ፈታሽ ያስፈልጋል፤ ከአንባቢዎቹ ሌላም ይህን ሊያደርግ የሚችል የለም። እኛ የምንጀምረው በከተማችን ስም ነው። በአማርኛ «መቀሌ» ብለን ስንጽፍ ችግር ላይገጥመን ይችላል። በትግርኛ «መቐለ» ስንል ግን ለአማርኛ ብቻ ታስቦ የተቀረጸ ፎንት «ቐ»ን ስለማያውቃት በቦታዋ ባዶ ሣጥን ያስቀምጣል። አንድ ቃል ብቻ በመጻፍ የሚገኝ ስህተት ነው።

ቀጥሎ የፋይል ስም እንፈትሻለን። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛ ስም 255 ፊደል ሲደርስ የእኛ 85 ላይ ይቆማል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሙሉ ርዕስ ለፋይሉ ስም የሚሰጥ ተማሪ እዚህ ገደብ ላይ ሊደርስ ይችላል። ጥያቄው ፕሮግራሙ ያን ጊዜ በግልጽ ያስጠነቅቃል ወይስ የመጨረሻውን ፊደል ከመካከሉ ቆርጦ ያበላሸዋል የሚለው ነው። መስኮት የሌለበት ጥቁሩ የትእዛዝ ስክሪንም የራሱ ጣጣ አለው። በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጾችን ነው። ለግዕዝ ተብሎ የተዘጋጀው «ጎሃ» የተባለ ፎንት በዚህ ጠባብ ቦታ ፊደላችንን ከላቲኑ ጋር ለማሳየት የተደረገ የሚደነቅ ሥራ ነው።

ቀኑንም ማየት ይገባል። ቋንቋውን አማርኛ አድርገን ቀን ስንጠይቅ በሊኑክስ የአማርኛ ሎኬል ፋይል መሠረት «ጃንዩወሪ» የሚል መልስ እናገኛለን። ፊደሉ የእኛ ነው፣ ዘመን አቆጣጠሩ ግን አይደለም። ይህ በጠባብ አነጋገር ስህተት አይባል ይሆናል፤ ጥር 12ን የሚፈልግ ተጠቃሚ ግን እንደ ስህተት ሊቆጥረው መብቱ ነው፤ በእኛ እምነት ሪፖርትም ሊደረግ ይገባዋል።

በመጨረሻ ገመዱን እንነቅላለን። አንዳንድ የመጫኛ ምስሎች ትንሽ ሆነው ይመጡና የቀረውን በጭነቱ መካከል ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። ሪፖርቶች ሁሉ «በሚገባ ተጫነ» ሲሉ አብዛኞቹ የተሞከሩት መስመር ባለበት ቦታ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። በትግራይ ኢንተርኔት ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ተቋርጦ፣ መመለስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደረጃ በደረጃ ነው። ሙሉውን የደቢያን ዲስኮች ስብስብ አስቀድሞ ያከማቸ ሰው በዚያ ጊዜ ኮምፒውተር መጫን ይችል ነበር፤ ትንሹን ምስል ብቻ የያዘ ግን አይችልም። በመሆኑም ከመጫኑ በፊት የኔትወርኩን ገመድ ነቅለን ገመድ አልባውን እናጠፋለን፤ የአማርኛና የትግርኛ ፎንትና የመጻፊያ ዘዴ ከዲስኩ መምጣታቸውን፣ ጫኙም አገልጋይ ኮምፒውተር ፍለጋ ምን ያህል ደቂቃ ቆሞ እንደሚቀር፣ ተስፋ ሲቆርጥስ ሥራውን እንደሚጨርስ ወይም እንደሚያቋርጥ እንመዘግባለን። በሪፖርቱ ላይ የምስሉን ቀንና ቼክሰም፣ የኮምፒውተሩን ዓይነት፣ ያደረግነውን በቅደም ተከተል፣ የጠበቅነውንና ያየነውን እንጽፋለን። ገመዱ ተነቅሎ እንደነበርም በመጀመሪያው መስመር ላይ እንገልጻለን።