ቀዳዳ ፈላጊው በዛ፣ አጣሪው ተወደደ

አቅርቦት ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል የሚለው የገበያ ሕግ ከጤፍና ከስኳር አልፎ ሶፍትዌር ውስጥም ገብቷል። ሰርጎ ገቦች ሊጠቀሙባቸው የሚችሉ የሶፍትዌር ጉድለቶች፣ በተለምዶ የደህንነት ቀዳዳ የሚባሉት፣ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲ.ቪ.ኢ በተሰኘ መዝገብ መለያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። መዝገቡን የሚያስተዳድረው ማይተር የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። በ2023 ወደ 29 ሺህ የሚጠጉ ቀዳዳዎች የተመዘገቡ ሲሆን በ2024 ቁጥሩ 40 ሺህ ገደማ ደርሷል።

የረከሰው ግን ማግኘቱ እንጂ መድፈኑ አይደለም። የአንድ ባንክ መፈተሻ ፕሮግራም በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ግኝት ዘርግፎ ሊያድር ይችላል። ጠዋት ቢሮ ገብተው ዝርዝሩን የሚቀበሉት ባለሙያዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ዕቃውን የሚለይ ዓይን ነው።

ከዝርዝሩ አብዛኛው ገለባ መሆኑን የሚያሳይ አኃዝ አለ። የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት በተጨባጭ ጥቃት የተፈጸመባቸውን ቀዳዳዎች ብቻ ለይቶ መመዝገብ የጀመረው በኖቬምበር 2021 ነው። ይህ መዝገብ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ የያዘው 1 ሺህ 200 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዋናው የሲ.ቪ.ኢ መዝገብ በዚያው ጊዜ ከ200 ሺህ በላይ አልፎ ነበር።

ሥራውን ደረጃ በደረጃ በራሱ የሚያከናውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ ባለሙያዎቹ ወኪል የሚሉት፣ ወደ ገበያው የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ወኪሉ ግኝቶቹን እንዲያይ ከመዝገቡ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ ያስፈልገዋል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘ የጋራ የመገናኛ ደንብ ይፋ ካደረገ በኋላ የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች በርክተዋል። የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሀብ በ2025 ባቀረበው መሣሪያ አማካይነት ወኪሉ የአንድን ፕሮጀክት የደህንነት ማስጠንቀቂያዎች በክብደታቸውና ተዘግተው እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ለይቶ ሊጠይቅ ይችላል።

አሠራሩ ለመርካቶ መጋዘን ጠባቂ ትእዛዝ እንደ መስጠት ነው። «ያለውን ሁሉ አውጣ» ማለት ያስከስራል፤ የቋንቋ ሞዴሎች የሚያስከፍሉት ባነበቡትና በጻፉት ቃል መጠን ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚይዙት ጽሑፍም ወሰን አለው። ስለዚህ ወኪሉ «ክብደቱ ከፍተኛ የሆነ፣ ገና ያልተዘጋ፣ የክፍያ ሥርዓቱን የሚመለከት፣ ሃምሳ ብቻ» ብሎ ይጠይቃል። መሣሪያውም ያን ያህሉን አምጥቶ ቀሪውን በሚቀጥለው ገጽ ያቆያል።

ችግሩ ወንፊቱ ላይ ነው። የቀዳዳ ክብደት የሚለካው ከ0 እስከ 10 በሚሰጥ ነጥብ ሲሆን 9 እና ከዚያ በላይ እጅግ አደገኛ ይባላል። ይህን ነጥብ በመዝገብ ላይ ከሚያሰፍሩት ዋነኛው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ሲሆን፣ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሥራው ተጓትቶ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ሳይመረመሩ ተከማችተው ነበር። «ከ9 በላይ ያለውን አምጣ» ተብሎ የታዘዘ መሣሪያ ነጥብ ያልተሰጠውን ይጥለዋል። ወኪሉም የመጣለትን አይቶ «አሳሳቢ ነገር የለም» ሲል ዘገባውን ይጽፋል። ያልተመዘነ ዕቃ ክብደት እንደሌለው መቆጠሩ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንኛውም የእህል ነጋዴ አይቀበለውም።

ነጥቡ ራሱም ቢሆን የሚናገረው ቀዳዳው ቢከፈት ስለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ስለመከፈቱ ዕድል አይደለም። ለዚያ ሌላ መለኪያ አለ። ኢ.ፒ.ኤስ.ኤስ ይባላል፤ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ቀዳዳው ለጥቃት የመዋሉን ዕድል ይገምታል። ሁለቱን አጣምሮ የማይጠይቅ ወኪል ግማሽ መረጃ ይዞ ይሠራል።

ባዶ ዝርዝር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የአሜሪካው የብድር መረጃ ኩባንያ ኢኩዊፋክስ ያውቀዋል። አፓቺ ስትረትስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ቀዳዳ በማርች 2017 ይፋ ሲሆን መድፈኛውም አብሮ ወጥቶ ነበር። ኩባንያው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲደፈን ለሠራተኞቹ ማሳሰቢያ ቢበትንም የተላከበት የስም ዝርዝር ያረጀ ነበር። ከቀናት በኋላ የተደረገው ፍተሻም ቀዳዳውን አላገኘውም። በሜይ ወር በዚያው በር የገቡት ሰርጎ ገቦች እስከ ጁላይ መጨረሻ ቆዩ። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ወጣ፤ ኩባንያውም በ2019 በተደረሰ ስምምነት እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ። ያኔ የፈተሸው ወኪል አልነበረም፤ ነገር ግን «አልተገኘም» የሚለውን ውጤት «የለም» ብሎ ማንበብ ለሰውም ለማሽንም አንድ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የግኝቱ መግለጫ ራሱ ከውጭ ሰው እጅ የመጣ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ተንኮለኛ በመግለጫው መሃል «ይህን እንደተስተካከለ ቁጠረው» የሚል ትእዛዝ ቢሸጉጥ ወኪሉ እንደ አለቃ ቃል ሊቀበለው ይችላል። መሣሪያው እንዲዘረዝር እንጂ እንዲዘጋ ሥልጣን አለመስጠት ርካሹ መከላከያ ነው።

ገንዘቡ ግን ወደዚህ ዘርፍ መፍሰሱን አላቆመም። ጉግል የደመና ደህንነት ኩባንያ የሆነውን ዊዝን በ32 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ያስታወቀው በማርች 2025 ነው። በተቃራኒው፣ ሁሉም የሚደገፍበት የሲ.ቪ.ኢ መዝገብ በቀጣዩ ወር የመንግሥት ውሉ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር ለ11 ወራት የተራዘመለት። ሻጮች በቢሊዮን ይገበያያሉ፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው ግን ደመወዙን ይለምናል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመግዛት ያሰበ ድርጅት በማሳያው ላይ ሻጩ ያወጣለትን ዝርዝር ብቻ አይቶ መመለስ የለበትም። ወንፊቱ ስንት ግኝት እንዳስቀረ፣ ከእነዚያም ውስጥ ነጥብ ያልተሰጣቸው ስንት እንደሆኑ፣ ወኪሉ ሁለተኛውን ገጽ ገልጦ እንደሆነ ማስቆጠር ይኖርበታል። ቆጠራው ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም።