ከወገብ መርፌው በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

በኦፕራሲዮን የምትወልድ እናት ዛሬ ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አትተኛም። ወገቧ ላይ በሚሰጣት አንድ መርፌ ከጡቷ በታች ያለው አካሏ ይደነዝዛል፤ ልጇ ሲያለቅስ ትሰማለች፣ ወዲያውም ታየዋለች። ሙሉ ሰመመን ቢሰጣት ኖሮ በጉሮሮዋ ቱቦ ማስገባት ግድ ይሆን ነበር። የነፍሰ ጡር ጉሮሮ ደግሞ አበጥ ስለሚል ቱቦ ማስገባቱ ይከብዳል፤ ከጨጓራዋ የሚመለሰው አሲድም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። የወገብ ማደንዘዣ ተመራጭ የሆነው ለዚህ ነው። እሱም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ደግነቱ ጣጣው አብዛኛው መቼና ለምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃል። መምጣቱ የሚታወቅን ነገር ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ ሳይሆን ቀድሞ መዘጋጀት ይገባል።

አሰጣጡ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እናትየዋ ተቀምጣ አገጯን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች፣ ጀርባዋን ታጎብጣለች። ሰመመን ሰጪው የዳሌ አጥንቶቿን ጫፍ ዳስሶ አራተኛው የወገብ አጥንት ያለበትን ይለያል፤ መርፌው የሚገባው በዚያ አካባቢ ነው። “ህብለ ሰረሰሬን ቢወጋውስ?” የሚለው ስጋት የብዙ እናቶች ነው። ህብለ ሰረሰር ግን በአዋቂ ሰው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ያሉት በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ዘለላዎች ናቸው። በመርፌው በኩል ጥርት ያለ ፈሳሽ ጠብ ሲል ቡፒቫኬይን የተባለው መድኃኒት ይሰጣል፤ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው ቡፒቫኬይን ስኳር ስላለበት ከፈሳሹ ይከብዳል፣ ወደ ዘቀዘቀው በኩል ይወርዳል። አልጋው እንዴት እንደተስተካከለ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ከሚፈለገው በላይ ወደ ደረት ከወጣ እጅ ይዝላል፣ መተንፈስም ይከብዳል።

ከሁሉ ጣጣ የሚቀድመው የደም ግፊት መውረድ ነው። መድኃኒቱ የሕመም ነርቮችን ብቻ ሳይሆን የደም ሥሮችን አጥብበው የሚይዙትን ነርቮችም ያሰናክላል። ጀሪካን ሞልቶ የነበረ ውኃ በርሜል ውስጥ ሲገለበጥ ከታች እንደሚቀር ሁሉ፣ ሥሮቹ ሲሰፉ አንድ ጠብታ ደም ሳይፈስ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል። በዚህ ላይ እናትየዋ በጀርባዋ ስትተኛ ማህፀኗ ከእግሯ ወደ ልቧ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። መከላከያ ካልተደረገ ግፊቱ ከግማሽ በሚበልጡት እናቶች ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ጽንሱም አያመልጥም፤ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም በእናቱ ግፊት ላይ የተመሠረተ ነው።

እናትየዋ “ያቅለሸልሸኛል” ስትል ብዙ ሰው የሆድ ጉዳይ ይመስለዋል። በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ግን ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ የግፊት መውረድ ምልክት ነው፤ አንዳንዴም መለኪያው ቁጥሩን ከማሳየቱ በፊት ይመጣል። ስለዚህ ግፊቷ ልጁ እስኪወጣ በየ1 ወይም በየ2 ደቂቃው መለካት አለበት፤ ቃሏም እንደ መለኪያው መታመን አለበት።

መከላከያው ምንድን ነው? ለረጅም ዘመን የነበረው ልማድ ከመርፌው በፊት በእኛ አገር ሰው አጠራር “ግሉኮስ” የሚባለውን ፈሳሽ በደም ሥር ማንቆርቆር ነበር። ይህ ብቻውን ብዙም አይጠቅምም፤ ቀድሞ የገባው ፈሳሽ ከደም ሥር ቶሎ ይወጣል። መርፌው ከተሰጠበት ቅጽበት ጀምሮ በፍጥነት መስጠት ይሻላል። ሁለተኛው ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የታጠፈ አንሶላ ከቀኝ ዳሌዋ ሥር አድርጎ ወደ ግራ ጋደም እንድትል ማድረግ ነው። እግርን በላስቲክ ፋሻ መጠቅለልም እግር ውስጥ የሚከማቸውን ደም ይቀንሳል። ኦንዳንሴትሮን የተባለው ማስመለስን የሚከላከል መድኃኒት ከመርፌው ቀደም ብሎ ቢሰጥ ማቅለሽለሹንም ሆነ የግፊት መውረዱን እንደሚቀንስ ታይቷል።

ዋናው መከላከያ ግን የደም ሥርን የሚያጠብ መድኃኒት ነው። ኤፌድሪን በዚህ ሥራ ረጅም ዕድሜ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም የሰፈረው ለዚሁ ሲባል ነው። ችግሩ በእንግዴ ልጁ አልፎ ጽንሱ ዘንድ መድረሱና በብዛት ሲሰጥ የጽንሱን ደም አሲዳማ ማድረጉ ነው። ፌኒልኤፍሪን በዚህ ይሻላል፤ የእናትየዋን የልብ ምት ዝግ ሊያደርግ ስለሚችል ግን ክትትል ይፈልጋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የተለያዩ አገራት የሰመመን ሐኪሞች ባወጡት የጋራ ስምምነት መድኃኒቱ ግፊት ከመውረዱ በፊት እንዲጀመር፣ የላይኛው የግፊት ቁጥር ከመነሻው 90 በመቶ በታች እንዳይሆን መክረዋል። መነሻዋ 120 የነበረ እናት ግፊቷ ከ108 በላይ መቆየት አለበት ማለት ነው። ግፊቱ እስኪወርድ ጠብቆ ማከም ልንተወው የሚገባ ልማድ ነው፤ እናትየዋ አስመልሳ፣ ፈርታ፣ ጽንሱም ተጎድቶ የሚመጣ እርዳታ ዘግይቷል። መድኃኒቱን በተመጠነ ፍጥነት የሚያንጠባጥብ ማሽን በሌለበት ሆስፒታል እንኳ በደንብ ተቀጥኖ በሲሪንጅ ጥቂት በጥቂት ሊሰጥ ይችላል።

ልጁ ከወጣ በኋላም ጥንቃቄ አያበቃም። ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን በአንድ ጊዜ በፍጥነት ከተሰጠ እሱም ግፊት ያወርዳል፤ ቀስ ተብሎ ሊሰጥ ይገባል። ከማደንዘዣው በኋላ የሚመጣው መንቀጥቀጥ አስደንጋጭ ቢመስልም አደጋው አነስተኛ ነው፤ እናትየዋን ማልበስና ፈሳሹን አሙቆ መስጠት ይረዳል። አንዳንዴ የሚያጋጥመው ማሳከክ የሚመጣው ከማደንዘዣው ጋር ለሕመም ማስታገሻ ከሚጨመረው ሞርፊን ነው፤ ያልፋል።

ከዚህ ማደንዘዣ በኋላ የሚመጣው ራስ ምታት ግን የራሱ ታሪክ አለው። በ1898 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኦጉስት ቢር በኪል ከተማ ይህን ማደንዘዣ ሞከረ፤ የተጠቀመው ኮኬይን ነበር። ከረዳቱ ጋር አንዱ በሌላው ላይ ሞከሩት። ቢር ከዚያ በኋላ ለቀናት ቀና ሲል የሚብስ፣ ሲተኛ የሚቀል ራስ ምታት ያዘው፤ ከወገቡ የፈሰሰው ፈሳሽ ሳይሆን አይቀርም ብሎም ጠረጠረ። ግምቱ ትክክል ነበር። መርፌው በከፈተው ቀዳዳ ፈሳሽ ሲሾልክ አንጎል ድጋፉን ያጣል። ወጣት ሴቶችና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ከሌላው በበለጠ ይጠቁበታል።

መፍትሔው መርፌው ላይ ነው። ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ፣ ሽፋኑን ሳይቆርጥ የሚከፍት መርፌ በ1951 እ.ኤ.አ. ተዋወቀ። ቀጭን ሆኖ 25 ወይም 27 ቁጥር ከሆነ ራስ ምታቱ እጅግ ይቀንሳል፤ የመርፌ ቁጥር ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። “ትራስ አታድርጊ፣ ሃያ አራት ሰዓት ቀና አትበዪ” የሚለው ምክር በአገራችን ስር ሰዷል። ጥናቶች ግን መተኛት ራስ ምታቱን እንደማይከላከል አሳይተዋል፤ ብዙ መጠጣትም እንዲሁ። አራስ እናትን ያለ ምክንያት አስተኝቶ ማቆየት ደግሞ እግሯ ላይ ደም እንዲረጋ ያጋልጣል። ራስ ምታቱ ከመጣ ማስታገሻና ቡና ሊያቀሉት ይችላሉ፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይሻላል። ካልተሻለ ከራሷ ክንድ ጥቂት ደም ተወስዶ ቀዳዳው አጠገብ ይሰጣል፤ ይህ ሕክምና ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። የወገብ ማደንዘዣው ወገብን ለዘለቄታው ያሳምማል የሚለው ፍርሃት ግን መሠረት የለውም፤ እርግዝናው ራሱ ወገብ ያሳምማል።

አንድ ስህተት ለብቻው መነሳት አለበት። ከወሊድ በኋላ የደም መፍሰስን የሚያቆመው ትራኔግዛሚክ አሲድ ከማደንዘዣው ብልቃጥ ጋር በመልክ ይመሳሰላል። በስህተት ወገብ ላይ ሲሰጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ያስከትላል፣ ገዳይም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሁለቱን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ፣ ከመቅዳት በፊት ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ሌላ ባለሙያም እንዲያይ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ለእናቶችና ለቤተሰብ የምንለው ይህን ነው። ከኦፕራሲዮን በፊት ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቶሎ የሚደማችሁ፣ የልብ ሕመም ያለባችሁ ወይም ቀድሞ በማደንዘዣ ችግር የደረሰባችሁ ከሆነ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ጠረጴዛው ላይ ካቅለሸለሻችሁ፣ እጃችሁ ከዛለ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ አትታገሱ፤ ወዲያው ተናገሩ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ቀና ስትሉ የሚብስ ራስ ምታት ካልለቀቃችሁ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሱ። ትኩሳት፣ የአንገት መድረቅ፣ የዓይን ብዥታ ወይም መንፈራገጥ ከታየ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አታሳድሩት።