ተጨማሪ መረጃ፦ በውስጣችን ያለው ሐያሲ

አጭር ልብ ወለድ ለመጻፍ ተቀምጣችሁ «ይህ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ሐሳብ እጃችሁን ይዞት ያውቃል? ስሜቱ የጀማሪ ብቻ አይደለም። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» በተሰኘ ልብ ወለድ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሲራክን ደራሲ አድርጎ ሥሎታል፤ የጸሐፊ ጭንቀት ራሱ ለድርሰት ይበቃል ማለት ነው። ፍራንዝ ካፍካ ደግሞ ያልታተሙ ጽሑፎቹ እንዲቃጠሉ ለወዳጁ ለማክስ ብሮድ አደራ ብሎ በ1924 እ.ኤ.አ. አረፈ። ብሮድ አላቃጠላቸውም፤ በዓመቱ ስለ አንድ ያለ ጥፋቱ የተያዘ የባንክ ሠራተኛ የሚተርከው ልብ ወለድ ታተመ፤ ዛሬም በብዙ ቋንቋዎች ይነበባል። ካፍካ በገዛ ሥራው ላይ የሰጠው ፍርድ የተሳሳተ ነበር።

እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰጠውን በውስጣችን ያለ ሐያሲ ለመቋቋም ዘዴው ማባረር ሳይሆን ተራውን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ከአያት ወደ መገናኛ በሚሄደው ቀላል ባቡር ስለተሳፈረች ተማሪ ትጽፋላችሁ እንበል። «ባቡሩ በሰው ተሞልቶ ነበር» ብላችሁ ጀመራችሁ፤ ደካማ መሰላችሁ። አትሰርዙት። አጠገቧ ማን ቆሟል? ምን ይዟል? ሲኤምሲ ላይ ማን ወረደ? እያላችሁ ቀጥሉ። በነጋታው ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ያ ዓረፍተ ነገር «የሴትዮዋ ዘንቢል ጉልበቷን እየገፋት ሲኤምሲ ደረሱ» ወደሚል ሊለወጥ ይችላል። ሁለተኛው የተገኘው የመጀመሪያው ስላልተሰረዘ ነው።

የዚህን ምዕራፍ የጽሕፈት መልመጃ ስትሠሩ ረቂቁን ምንም ሳትሰርዙ እስከ መጨረሻው ጻፉ፤ ቀዩን እስክሪብቶ በማግሥቱ አንሡ።