የተማሪዎች ጭንቀት በሴትና በወንድ፦ ከቢቸና እና ከሞጣ በኩል ሲታይ

መስከረም 2018 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በቁጥር 48,929። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ያለፉት 3.3፣ 3.2 እና 5.4 በመቶ ነበሩ። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተባለ፣ ብዙ ተጻፈ። ከአሥሩ ዘጠኙ ልጆች ውጤታቸውን ሰምተው በዚያች ሌሊት እንዴት እንዳደሩ ግን ጠያቂ አልተገኘም።

ቢቸና እና ሞጣ ለሚገኙበት ለምሥራቅ ጎጃም ጉዳዩ እጥፍ ድርብ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ጦርነት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል። በቢቸና እና በሞጣ ዙሪያ ወደ ክፍል የሚመለስ ልጅ ያመለጠውን ትምህርት ብቻ ሳይሆን ያየውንና የሰማውንም ይዞ ይመለሳል። ይህ ሸክም ደግሞ በሴቷና በወንዱ ላይ አንድ ዓይነት መልክ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በልጅነት ዘመን በድባቴ ረገድ በሴትና በወንድ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ከ12 ዓመት ግድም ጀምሮ ግን ይሰፋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመና ከ90 የሚበልጡ አገሮችን መረጃ ያጠናቀረ ጥናት እንዳሳየው በአፍላ ጉርምስና በድባቴ የመያዝ ዕድል በሴቶች ከወንዶቹ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ በጉልምስና ወደ ሁለት እጥፍ ይወርዳል። ራስን ለማጥፋት መሞከር በሴቶች ይበዛል፤ በዚያው የሚሞቱት ግን በአብዛኛው አገር ወንዶች ናቸው። መጠጥ፣ ጫትና ጠብ የወንዶቹ ድርሻ ሆነው ይመዘገባሉ። የሆርሞን ለውጥ ድርሻ እንዳለው የታወቀ ነው፤ ብቻውን ግን ልዩነቱን አያብራራም። ያው ጥናት በሴትና በወንድ መካከል እኩልነት በተሻለባቸው አገሮች ልዩነቱ ይበልጥ ሰፍቶ ማግኘቱ ብዙዎችን አስገርሟል።

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። የምንለካው ሕመሙን ነው ወይስ ሕመምን የመናገር ፈቃድን?

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚመለስ ባለ 20 ጥያቄ መመዘኛ በአገራችን ለአሠርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን ከባልደረባቸው ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያውያን መላሾች ጥያቄዎቹን እንዴት እንደተረዷቸውና ለምን እንደዚያ እንደመለሱ መረመሩ። መላሹ የሚሰማው ጥያቄና ጠያቂው የሚያስበው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ፣ መልሱም መላሹ ከጠያቂው በሚጠብቀው ነገር እንደሚወሰን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የተፈተኑ የተሻሉ መጠይቆች መጥተዋል፤ የኮርትማን ጥያቄ ግን ዛሬም አልሞተም።

በባለ 20ው መጠይቅ ውስጥ ራስ ምታት አለ፤ እንቅልፍ ማጣት አለ፤ ቶሎ መደንገጥ አለ፤ ከወትሮው የበዛ ማልቀስም አለ። ቁጣ የለም፤ አረቄ የለም፤ ቁማር የለም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ የገጠር ልጅ «ታለቅሳለህ ወይ?» ሲባል «አይደለም» ብሎ ይመልሳል፤ በመጠይቁም ጤነኛ ተብሎ ያልፋል። ማታ ግን አረቄ ቤት ይገኛል። ይህን ስል የሴቶቹ ጭንቀት የመጠይቅ ውጤት ነው ማለቴ አይደለም። የሴቶቹ ሕመም እውነተኛ ነው፤ የወንዶቹም እንዲሁ፤ የሚቆጠረው ግን አንዱ ብቻ ነው።

የሴቶቹ ሕመም ምንጭ በጎጃም በግልጽ ይታያል። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው በአገር ደረጃ የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ (ሚዲያን) ዕድሜ ለሴቶች 17.1፣ ለወንዶች 23.7 ዓመት ነው። ሕጉ 18 ዓመትን ደንግጓል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ቢሆንም ጥር በመጣ ቁጥር የሠርግ ወሬ የሚያስጨንቃት ተማሪ አሁንም አለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ለወላጅ «ልማር» የምትልበት መከራከሪያዋ አብሮ ይዘጋል።

ከዚህ ጋር በተያያዘ በጎረቤት ምዕራብ ጎጃም፣ ሞሰቦ በተባለ መንደር ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ፕሮግራሙ ልጃገረዶችን በቡድን አሰባሰበ፤ የትምህርት ቁሳቁስ ሰጠ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ለውጡ አስደናቂ ነበር፤ ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ጋብቻም እጅግ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ዘንድ ግን ያገቡት ፕሮግራሙ ከሌለበት ስፍራ በዝተው ተገኙ። እኔ ከዚህ የምረዳው ጥበቃው በ14 ዓመት ላይ ቢቆም ሠርጉ ለጥቂት ጊዜ ይዘገያል እንጂ እንደማይቀር ነው።

የ15 ዓመት ልጅ ደግሞ በቢቸና እና በሞጣ የት እንዳለች እናውቃለን። ከገጠር ቀበሌ ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። ቅዳሜ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ እሑድ እንጀራዋንና በሶዋን ተሸክማ ትመለሳለች። መንገዱ ላይ ጠለፋን ትፈራለች፤ ከተማው ውስጥ የሚያባብላትን ጎልማሳ ትፈራለች። የደረሰባትን ለወላጅ ብትናገር «በይ ትምህርቱ ይብቃሽ» ትባላለች፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ራስ ምታት፣ የልብ ማቃጠል፣ እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ይወጣል።

ወንዱም በዚያው ግቢ ተከራይቷል። እርሱን የሚቆጣጠረው የለም፤ ይህም እንደ ዕድል ይቆጠርለታል። አባቱ በሬ ሽጦ አስተምሮታል፤ በፈተና ከወደቀ ወደ ቀዬው የሚመለስበት ፊት የለውም። ስለዚህ ወይ ለቀን ሥራ ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል፣ ወይ ከቤቲንግ ቤት አይወጣም። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ በየኬላው በጥርጣሬ የሚታየው የእርሱ ዕድሜ ነው። ይህ ሁሉ በመምህራን ዘንድ «ባለጌ ሆነ» ተብሎ ይዘጋል።

ስለ ሕክምናው ብዙ የሚባል የለም። ለብዙ ዘመን የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ማለት የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር፤ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በገጠር ቤተሰብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፀበል ነው። ይህን መንቀፍ አይጠቅምም፤ ከካህናቱ ጋር ተመካክሮ ልጁ ፀበሉንም ሕክምናውንም እንዲያገኝ ማድረግ ይሻላል።

መደረግ ያለበት ግን ሐኪም እስኪበዛ አይጠብቅም። ትምህርት ቤቶች ጭንቀትን ሲጠይቁ ከእንባ ጋር ቁጣን፣ መጠጥንና ቁማርን ይጠይቁ። ለሴት ተማሪዎች ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ቤት አቅራቢያ ማደሪያ ይሠራ፤ ለብርሃነ ሔዋን የወጣው ልፋት እስከ 12ኛ ይዝለቅ። ውጤት በሚነገርበት ሳምንት መምህራን የወደቁትን ልጆች በየቤታቸው ይጎብኙ፤ ወላጆችም ልጆች በጭንቀት ራሳቸውን እንዳይጎዱበት የሰብል መድኃኒትን በቁልፍ ያኑሩ። በየዓመቱ ስንት ልጆች እንዳለፉ በአሥረኛ ነጥብ የሚቆጥር አገር ያላለፉት እንዴት እንደሆኑ ለመጠየቅም አቅም አለው። ሴቷንና ወንዱን በየራሳቸው መንገድ ከጠየቃቸው መልሱን ይነግሩታል።