የመሀል ከተማው ሲታደስ ወጪውን ማን ይሸከማል?

ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ወጥቶ ወደ ጎልጎታ የሚወርድ ተሳላሚ ግማሽ ሰዓት በሚያህል የእግር ጉዞ ሦስት ስፍራዎችን ያልፋል። በመጀመሪያ የነቢያትን መንገድ ይሻገራል፤ ቀጥሎ ባቡር በሚመላለስበት በኢዮጴ መንገድ ይወርዳል፤ በመጨረሻም በማሚላ በኩል አድርጎ በኢዮጴ በር ወደ አሮጌው ከተማ ይገባል። ይህ አጭር ጎዳና የምዕራብ ኢየሩሳሌም የንግድ እምብርት ነው። በስፋቱ ትንሽ ቢሆንም፣ «በሕዝብ ገንዘብ ይታደስን? ቢታደስስ ሸክሙ በማን ላይ ይውደቅ? ጥቅሙስ ለማን ይሁን?» የሚለው ክርክር ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሲካሄድበት ኖሯል።

ይህን ጉዳይ በዚህ መልእክታችን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የምንኖርበት ሰፈር የዚህ መሀል ከተማ አካል ነው። ለተጨማሪ የባቡር መስመሮች የሚደረገው ሥራም በቀጠለበት በዚህ ዘመን ክርክሩ ደጃችን ድረስ መጥቷል። ስለዚህ በዚሁ መንገድ ላይ ቀድሞ የሆነውን ማወቅ ለነዋሪውም ለተሳላሚውም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ማሚላ፦ ሠላሳ አምስት ዓመት የፈጀው እድሳት

ማሚላ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ከኢዮጴ በር ውጭ የተቆረቆረ የንግድ ሰፈር ነበር። ከ1948 እስከ 1967 ድረስ ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ ሳለ ሰፈሩ በድንበሩ ላይ ወደቀ። ጥይት በሚደርስበት ስፍራ ለመኖር የሚፈቅድ ባለጠጋ ስለማይገኝ፣ አዲስ የመጡ ድኆች ስደተኞችና የመኪና መጠገኛ ጋራዦች ያዙት። በ1967 አጥሩ ሲፈርስ ግን ያ የተናቀ ጠርዝ በድንገት የከተማው መካከል ሆነ፤ የመሬቱም ዋጋ አብሮት ተነሣ።

መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ «ካርታ» የሚባል የጋራ ኩባንያ አቋቁመው ሰፈሩን መልሶ የማልማቱን ሥራ ሰጡት። አርክቴክቱ ሞሼ ሳፍዲ ከባልደረባው ጋር በ1972 ትልቅ ዕቅድ አወጣ። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ተወረሰ፤ በ1970ዎቹም ነዋሪዎቹና ባለሱቆቹ ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ክርክሩም በዚያው ጊዜ ተፋፋመ። ከንቲባው ቴዲ ኮሌክ ዕቅዱን ሲደግፉ፣ ምክትላቸው ሜሮን ቤንቬኒስቲ ዕቅዱ ከልክ ያለፈ ግዙፍ ነው ብለው ተቃወሙ። ጥንታዊ ሕንጻዎች እንዳይፈርሱ የሚሟገቱም ተነሡ። ዕቅዱ ተቀነሰ፤ ተለወጠ፤ ደግሞም ዘገየ። ገንዘብ አፍሳሽ ሆኖ የገባው የእንግሊዝ ኩባንያ ትቶ ሄደ፤ ሥራውን የተረከበው የአገር ውስጥ ኩባንያም ከ«ካርታ» ጋር ረጅም ሙግት ገጠመ። ዛሬ የምናየው የሱቆች ጎዳና የተከፈተው በ2007 ነው።

ከዕቅዱ እስከ መክፈቻው ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በአሮጌው ከተማ ግንብ ሥር ባዶ መሬትና ፍርስራሽ ቆይቷል። በ1898 ቴዎዶር ሄርዝል ያረፈበት የስተርን ቤት ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ቁጥር ተጽፎባቸው ተነሥተው በኋላ እንደገና ተገጣጥመዋል፤ ዛሬም በአንዳንድ ግድግዳዎች ላይ ያሉትን ቁጥሮች አላፊ አግዳሚው ያነብባቸዋል። ድንጋዩ ተቆጥሮ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ከስፍራው የተነሡት ሰዎች ግን አልተመለሱም፤ አጠገቡ በተሠራው መንደር ያሉትን ውድ ቤቶች በብዛት የገዟቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ባለጠጎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ቤቶች የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ተዘግተው ያሳልፋሉ።

ነገር ግን ፍርዳችን በአንድ ወገን እንዳያዘነብል፣ የዛሬው ጎዳና ያመጣውንም በጎ ነገር መናገር ይገባል። ከአዲሱ ከተማ ወደ ኢዮጴ በር የሚያደርሰው መንገድ ዛሬ ለእግረኛ የተመቸ ነው። አረጋውያን ተሳላሚዎቻችን ከመኪና ግፊያ ድነው ይሄዱበታል። አይሁዳዊውም ዐረቡም፣ ክርስቲያኑም እንግዳውም ጎን ለጎን ይመላለስበታል።

የኢዮጴ መንገድ፦ የመጠበቅ ዋጋ

የኢዮጴ መንገድ ታሪክ የተለየ ነው። በዚህ ስፍራ ሰፈር አልፈረሰም፤ መንገዱ ግን ተቆፈረ። የቀላል ባቡሩ ሥራ የተጀመረው በ2002 ሲሆን፣ መጀመሪያ ከተቀጠረለት ጊዜ በዓመታት ዘግይቶ 13.9 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 23 ጣቢያዎች ያሉት መስመር ነሐሴ 2011 አገልግሎት ጀመረ። ወጪው ከመንግሥት ግምጃ ቤትና መስመሩን ሠርቶ እንዲያስተዳድር ፈቃድ ከወሰደው የግል ማኅበር የተውጣጣ ነበር።

በሒሳቡ መዝገብ ያልተጻፈው ወጪ ግን በባለሱቆቹ ትከሻ ላይ ወደቀ። በአጥርና በአቧራ የተከበበ ሱቅ ገበያተኛ አያገኝም፤ ኪራዩና ግብሩ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ባለሱቆቹ ካሳና የግብር ቅናሽ እንዲደረግላቸው ደጋግመው አቤት አሉ። ከመካከላቸው የባቡሩን መምጣት ሳያዩ የዘጉ ብዙዎች ናቸው። ባቡሩ ሲመጣ መንገዱ ጸጥ አለ፤ አየሩ ጠራ፤ ቡና ቤቱና ምግብ ቤቱ በዛ፤ የሱቆቹም ዋጋ ጨመረ። የተጠቀመው ግን ቁፋሮውን የታገሠው ባለሱቅ ሁልጊዜ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ከእርሱ በኋላ የመጣው ነው።

እዚህ ላይ የኪራዩ ዓይነት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በአገሩ ሕግ «የቁልፍ ገንዘብ» ከፍሎ የገባ ነባር ተከራይ በቀላሉ አይነሣም፤ ቢነሣም ካሳ ይገባዋል። በተራ ውል የተከራየ ግን ውሉ ሲያበቃ ባዶ እጁን ይወጣል። ስለዚህ አንዱ የከተማ እድሳት በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን ለሚሠሩ ሁለት ባለሱቆች የተለያየ ፍርድ ይፈርዳል።

ሦስተኛውም ተሸካሚ ሊረሳ አይገባም፤ እርሱም የእኛ ሰፈር ነው። ከኢዮጴ መንገድ ከተነሡት አውቶቡሶች ብዙዎቹ ወደ ነቢያት መንገድ ተዛወሩ። በዚያ መንገድ ዳር በ1920ዎቹ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን የተሠራው የኢትዮጵያ ሕንጻ ቆሟል፤ ወደ ደብረ ገነት የሚያስገባውም የኢትዮጵያ መንገድ የሚነሣው ከዚያው ነው። የአንዱ ጎዳና ጸጥታ ለጎረቤቱ ጎዳና ጭስና ጩኸት ሆነበት።

ሁለቱ ወገኖች የሚሉት

የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ የሚሉት ወገኖች ቃላቸው ቀላል አይደለም። የውኃ ቧንቧ፣ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ባቡር የግል ነጋዴ ለብቻው የሚሠራቸው አይደሉም። የከተማው መካከል ከሞተ ግብር የሚከፍል ሱቅ አይኖርም፤ ኢየሩሳሌም ደግሞ ከነዋሪዎቿ ድህነት የተነሣ የራሷ ገቢ ስለማይበቃት መንግሥት በየዓመቱ ልዩ ድጎማ የሚሰጣት ከተማ ናት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለጥቂቶች የከበደው ለሁሉ ሲከፋፈል ይቀላል ይላሉ።

የሚቃወሙት ደግሞ ሎሚው ለሃምሳ ሰው ተከፋፍሎ ሲያበቃ ጭማቂውን አንድ ሰው ለምን ይጠጣል ብለው ይጠይቃሉ። በመንግሥት ባቡር ምክንያት የመሬት ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው በባለመሬቱ እጅ ይቀራል። ሕጉ ለዚህ መልስ የሰጠው በከፊል ነው። አዲስ ዕቅድ በአንድ መሬት ላይ ተጨማሪ ግንባታ ወይም የተሻለ አጠቃቀም ሲፈቅድ፣ ከጨመረው ዋጋ ግማሹ ለአካባቢው አስተዳደር እንዲከፈል ታዝዟል። ዋጋው የጨመረው ግን ባቡር በደጁ ስላለፈ ብቻ ከሆነ፣ ይህ ክፍያ አይጠየቅም።

የግብር ነገር አብያተ ክርስቲያናትንም ነክቷል። በ2018 መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ለአምልኮ በማይውሉ የቤተ ክርስቲያን ንብረቶች ላይ 650 ሚሊዮን ሰቅል የሚደርስ ውዝፍ ግብር፣ አርኖና የሚሉትን፣ እንደሚጠይቅ ገለጸ። የግሪክ፣ የአርመንና የላቲን አለቆች ይህንንና ስለ ቤተ ክርስቲያን መሬቶች የቀረበውን ረቂቅ ሕግ በመቃወም የጎልጎታን ቤተ ክርስቲያን ለሦስት ቀናት ያህል ዘጉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጉዳዩን ካገዱ በኋላ በየካቲት 28 በሩ ተከፈተ። ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው አገልግሎት የሚጠቀም ሁሉ ይክፈል ይል ነበር፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ የቆየው ሥርዓት አይፍረስ ይሉ ነበር። በጥያቄው ሥር ያለው ግን ከማሚላና ከኢዮጴ መንገድ ክርክር የተለየ አይደለም፤ ለጋራ ከተማ ማን ምን ያህል ያዋጣል የሚለው ነው።

እኛን የሚመለከተው

ደብረ ገነት ከ1882 እስከ 1893 ድረስ በአፄ ዮሐንስና በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲሠራ፣ ዙሪያው ገና ሰው ያልበዛበት ነበር። ነገሥታቱና መኳንንቱ በአካባቢው ቤቶችን ያሠሩት መነኮሳቱ ከኪራዩ እንዲረዱ አስበው ነው። ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳን የመሰለ የዕብራይስጥ ሊቅ በዚሁ መንገድ ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ተከራይቶ ኖሯል። የአበው አሠራር ግልጽ ነበር፤ ቤቱን ማን እንዳሠራው፣ ኪራዩም ማንን እንደሚረዳ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ይህ ግልጽነት ከዛሬዎቹ ትልልቅ ዕቅዶች ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ነው።

ስለዚህ ዳግመኛ አንድ የእድሳት ዕቅድ በሰፈራችን ሲወጣ፣ ውብ ሆኖ የተሣለውን ሥዕል ከማድነቃችንም ሆነ ከማውገዛችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንድንጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሥራው ቢዘገይ የሚጠብቁትን ሰዎች ማን ይደግፋል? ሁለተኛ፣ ከስፍራው የሚነሡት ወይም የመኪናው ፍሰት የሚዞርባቸው እነማን ናቸው? ለእነርሱስ የተጻፈ ቃል አለን? ሦስተኛ፣ የሚጨምረው የመሬት ዋጋ በምን መንገድ ወደ ከፋዩ ሕዝብ ይመለሳል? ለእነዚህ መልስ ያለው ዕቅድ የሕዝብ ገንዘብ ቢወጣበት ተገቢ ነው። መልስ የሌለው ግን ምንም ያህል ቢያምር ሌላ ማሚላ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው የሚቀርብበትም ጊዜ የተወሰነ ነው። በአገሩ ሕግ አንድ ዕቅድ ለሕዝብ እይታ ሲቀርብ እጎዳለሁ የሚል ሁሉ ሁለት ወር በሚያህል ጊዜ ውስጥ መቃወሚያውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ማስታወቂያው በጋዜጣና በአካባቢው ይለጠፋል፤ ቋንቋው ግን ዕብራይስጥ ስለሆነ ብዙዎቻችን በአጠገቡ ሳናነበው እናልፋለን። ዕብራይስጥ አንባብያን የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ስታዩ ለገዳሙ አበው እንድታሳውቁ በትሕትና እንለምናለን። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ የሚነሣ አቤቱታ ምን ያህል ዓመት እንደሚንከራተት ማሚላ አሳይቶናል።