የፋብሪካ ተቆጣጣሪ መሣሪያ ገቢና ወጪ



መዝገብ ቤት ምን እንደሚሠራ ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከውጭ የመጣው ደብዳቤ በገቢ መዝገብ ይጻፋል፤ ከአለቃው የወጣው ትእዛዝ በወጪ መዝገብ ይጻፋል። አለቃው ከወንበሩ ሳይነሣ ስለ ሩቁ ወረዳ የሚያውቀው ገቢው የነገረውን ያህል ነው፤ በወረዳውም ላይ የሚሠራው ወጪው የደረሰለትን ያህል ነው።

ዛሬ በሲሚንቶና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፥ በከተማ ውሃ ማሠራጫ፥ በፎቅ አሳንሰርም ሥራውን የሚመራው ተቆጣጣሪ መሣሪያ እንደዚሁ ያለ አለቃ ነው። ይህ መሣሪያ በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚኖር ትንሽ ኮምፕዩተር ሲሆን፥ ዐይንም ጆሮም እጅም የለውም፤ ከውጭ ጋር የሚያገናኙት የተደረደሩ የሽቦ ማሰሪያ ብሎኖች ብቻ ናቸው። በአንዱ ረድፍ ወሬ ይገባለታል፤ በሌላው ረድፍ ትእዛዝ ይወጣለታል። ስለዚህ መሣሪያ በተወራ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው በውስጡ ያለውን ብልኃት ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ብሎኖቹ ነው፤ የሠራተኛው እጅ የሚቆረጠውም የሚተርፈውም በእነርሱ ነውና።

አስቀድሞ የፋብሪካ ሥራ ይመራ የነበረው ሪሌ በሚባሉ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል በሚከፈቱና በሚዘጉ መገናኛዎች ነበር። የመኪና ፋብሪካ የሚሠራውን የመኪና ዓይነት በለወጠ ቁጥር ብዙ ሪሌ ነቅሎ ሽቦውን እንደ ገና መዘርጋት ነበረበት። በዚህ ምክንያት የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የሃይድራማቲክ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1968 ሪሌን የሚተካ መሣሪያ እንዲሠራለት ጠየቀ፤ ዲክ ሞርሊ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስና ባልደረቦቹም «ሞዲኮን 084» የተባለውን ሠርተው በሚከተለው ዓመት አቀረቡ። ቁጥሩ 084 የሆነው የድርጅታቸው 84ኛ ሥራ ስለ ነበር ነው። ከዚያ ወዲህ በሪሌዎቹ መካከል የነበረው ሽቦ በጽሑፍ ትእዛዝ ተተካ፤ ወደ ውጭ የሚዘረጋው ሽቦ ግን ሽቦ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ከገቢው እንጀምር። ብዙውን ጊዜ ገቢው መስመር 24 ቮልት ነው። ወደ ብሎኑ የደረሰው ኃይል ከ15 ቮልት በላይ ሲሆን መሣሪያው «አለ» ይላል፤ ከ5 ቮልት በታች ሲሆን «የለም» ይላል። በበሩም ላይ መልእክቱን በብርሃን የምታሻግር ደቃቅ መብራትና ብርሃኑን የምትቀበል ዐይን ይደረጋሉ፤ ከደጅ የመጣ የኤሌክትሪክ ግፊት ወደ ውስጥ ዘልቆ ኮምፕዩተሩን እንዳያቃጥል ነው።

ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የዝምታ ጥያቄ ነው። ከወረዳው ደብዳቤ ያልመጣው ወረዳው ሰላም ስለ ሆነ ነውን? ወይስ መንገዱ ስለ ተቆረጠ ነው? ለአደጋ ጊዜ የተተከለውን ቀዩን ማቆሚያ ቁልፍ ተመልከቱ። ሲጫኑት ኃይል እንዲልክ ተደርጎ ቢታሰር በሥራ ቀን ሁሉ ዝም ይላል። አንድ ሌሊት አይጥ ሽቦውን ብትበላው ያው ዝምታ ይቀጥላል፤ ማንም አያውቅም። ሠራተኛው ልብሱ በመዘውሩ የተያዘ ዕለት ቁልፉን ይጫናል፤ መልእክቱ ግን አይደርስም። ስለዚህ ነገሩ ተገልብጦ ይታሰራል። ኃይል ዘወትር በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፤ ቁልፉ ሲጫን ይቋረጣል፤ ማቋረጡም «አቁም» ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አይጧ የበላችው ሽቦም «አቁም» ይላል። ፋብሪካው በከንቱ አንድ ሰዓት ይቆማል፤ ሰው ግን አይጎዳም። የማስነሻው ቁልፍ ግን በተቃራኒው ነው፤ ኃይል ሲደርስ ብቻ ያስነሣል፤ የተቆረጠ ሽቦ ሞተር ማስነሣት የለበትምና። መሣሪያው ደጋግሞ ሲቆም ተሰላችተው የማቆሚያውን ሁለት ብሎኖች በቁራጭ ሽቦ የሚያገናኙ ባለሙያዎች አሉ። ሥራውን ያፋጠኑ ይመስላቸዋል፤ ያደረጉት ግን ዘበኛውን አስክሮ በሩን ክፍት መተው ነው።

ልክና መጠን ለሚነገርበት ገቢም እንዲሁ ታስቦበታል። የውሃ ማጠራቀሚያ ባዶ ሲሆን 4 ሚሊ አምፔር፥ ግማሽ ሲሆን 12፥ ሙሉ ሲሆን 20 ይልካል። ባዶው ከዜሮ ለምን አልተጀመረም? ሽቦው ሲበጠስ የሚደርሰው ዜሮ ስለ ሆነ ነው። «ውሃ የለም» የሚለውና «እኔ ራሴ የለሁም» የሚለው በዚህ ይለያሉ።

ይህም ሆኖ ሽቦው ደኅና ሆኖ ወሬው ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በእንግሊዝ አገር በሃርትፎርድሺር ግዛት በሚገኘው በበንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 11 ቀን 2005 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የአንድ ጋን ልክ መናገሪያ ባለበት ደረቀ። ቤንዚኑ ይገባል፤ ቁጥሩ ግን አይንቀሳቀስም። ጋኑ ከልክ በላይ ሲሞላ መግቢያውን እንዲዘጋ ለብቻው የተተከለው ሁለተኛ መሣሪያም አልሠራም። ቤንዚኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት በኋላም ፈነዳ። 43 ሰዎች ቆሰሉ፤ ዕለቱ እሑድ በመሆኑ ሰው አልሞተም። መሣሪያው ሁለት ገቢዎችን እንዲያስተያይ ቢታዘዝ ኖሮ፥ ቤንዚን እየገባ ከፍታው የማይጨምርበትን ምክንያት መጠየቅ ይችል ነበር።

ወደ ወጪው ስንመጣ፥ የአለቃው እጅ ደካማ ነው። የአንዱ ወጪ ብሎን ጉልበት ብዙ ጊዜ ከግማሽ አምፔር አይበልጥም፤ በዚህ ታላቅ ሞተር አይዞርም። ስለዚህ ትእዛዙ ወደ ኮንታክተር ይሄዳል፤ ኮንታክተሩ ጥርሱን ገጥሞ ታላቁን ኃይል ለሞተሩ ይሰጣል። መሣሪያው ራሱ ቢፈዝዝ ሰዓት እየቆጠረ የሚጠብቀው ሌላ ዘበኛ በውስጡ አለ፤ አለቃው በጊዜው ካልመለሰለት ወጪውን ሁሉ ያቋርጣል። መቋረጡ ጉዳት እንዳያመጣ ግን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። የአሳንሰር ፍሬን የሚለቀው ኃይል ሲያገኝ ነው፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ሞላው ይጨብጠዋል።

«ወጪ ሆኗል» ማለት «ተፈጽሟል» ማለት እንዳልሆነ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ፥ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የአቶም ኃይል ጣቢያ እ.ኤ.አ. መጋቢት (ማርች) 28 ቀን 1979 አንድ ቫልቭ ተዘጋ ተባለ፤ ነገር ግን ክፍት ሆኖ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የነበረው መብራት ያሳይ የነበረው የመዝጊያው ትእዛዝ መሰጠቱን ብቻ ነው፤ የቫልቩን መዘጋት አልነበረም። ሠራተኞቹ መብራቱን አምነው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆዩ። ማቀዝቀዣው ውሃ በዚያ ወጣ፤ የማብሊያው እምብርትም በከፊል ቀለጠ። ለዚህ ነው ለከባድ ወጪ ሁሉ መልስ የሚያመጣ አንድ ገቢ የሚዘረጋለት፤ መልሱም ከቫልቩ ከራሱ የሚመጣ መሆን ይገባዋል።

ከአንባቢዎች መካከል በርክክብ ኮሚቴ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚቀበል ይኖራል። ሻጩ ማያውን አብርቶ የሚያማምሩ ቀለሞችን ያሳያችኋል። እናንተ ግን ጉዳት በማያስከትልበት ሁኔታ፥ በባለሙያ እጅ፥ የአንዱ መለኪያ ሽቦ ከብሎኑ እንዲነቀል ጠይቁ። መሣሪያው ሽቦው መነቀሉን ካልተናገረ፥ ወይም ጋኑን «ባዶ» ብሎ ፓምፑን ካስነሣ፥ አትፈርሙ። ከዚያ በኋላ ንድፉን አስመጥታችሁ በሽቦው ጫፍ ላይ ያለውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።